የፀረ እንግዳ አካላት እጥረት ልዩ ክሊኒክ

ሰውነታቸው በቂ ፀረ እንግዳ አካላት (ተሕዋስያንን የሚዋጉ የደም ፕሮቲኖች) የማያመርት ሰዎች በብሪታንያ ሕክምናቸውን የሚከታተሉት በትልልቅ ሆስፒታሎች ባሉ የኢሚዩኖሎጂ (የሰውነት በሽታ መከላከያ ሕክምና) ተመላላሽ ክሊኒኮች ነው። እጥረቱ ተለይቶ የታወቀው በ1952 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ኦግደን ብሩተን ኢንፌክሽን እየደጋገመ ይጥለው በነበረ የ8 ዓመት ልጅ ደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካላት የሚገኙበት ጋማ ግሎቡሊን የሚባለው ፕሮቲን እንደሌለ ደርሶበት፣ ከለጋሾች የተገኘውን በቆዳው ሥር እየወጋ አከመው። የሕክምናው መሠረት ዛሬም ያው ነው።

ወደ ክሊኒኩ የሚላኩት አዋቂዎች አብዛኛውን ጊዜ በሳንባ ምች፣ በሳይነስና በጆሮ ሕመም እየተመላለሱ፣ ከየሐኪሙ አንቲባዮቲክ ሲታዘዝላቸው ዓመታት ያለፏቸው ናቸው። እያንዳንዱ ሕመም ለብቻው ሲታይ ተራ ስለሚመስል ማንም አይጠረጥርም፤ ምርመራው ግን ያን ያህል የተራቀቀ አይደለም። በደም ውስጥ ያለው የኢሚዩኖግሎቡሊን (የፀረ እንግዳ አካላት ሌላ ስም) ጂ፣ ኤ እና ኤም ዓይነቶች መጠን ይለካል፤ ከዚያም የኒሞኮከስ (የሳንባ ምች አምጪ ባክቴሪያ) ክትባት ተሰጥቶ ከ4 ሳምንት ገደማ በኋላ ሰውነት ምላሽ መስጠቱ ይታያል። እጥረቱ ከደም ካንሰር ወይም ፀረ እንግዳ አካላት የሚያመነጩ ሴሎች የሚፈጠሩባቸውን ነጭ የደም ሴሎች ከሚያጠፋ እንደ ሪቱክሲማብ ካለ መድኃኒት የመጣ እንዳይሆንም ይጣራል።

ከሺዎች ለጋሾች ፕላዝማ (የደም ፈሳሽ ክፍል) የሚዘጋጀው ኢሚዩኖግሎቡሊን በ3 ሳምንት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ሕክምናው በአብዛኛው የዕድሜ ልክ ነው። በደም ሥር በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ፣ በቆዳ ሥር ደግሞ ብዙ ጊዜ በየሳምንቱ ይሰጣል። የቆዳ ሥሩን የመረጠ ታካሚ ከክሊኒኩ ነርስ ተምሮ ቤቱ ይወስዳል፤ መድኃኒቱ ደፍርሶ እንደሆነ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ያያል፣ በሲሪንጅ ይቀዳል፣ ቀጭኗን መርፌ በሆዱ ወይም በጭኑ ቆዳ ሥር ያስገባል። ቦታው ያብጥና ቀይ ይሆናል፤ በአንድ ሁለት ቀን ይተወዋል። ከጠርሙሱ የምርት ቁጥሩን ልጦ ደብተሩ ላይ መለጠፍም አለበት። ይህ ከንቱ ወረቀት ማብዛት አይደለም፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በተበከለ ምርት ሄፓታይተስ ሲ የያዛቸው ታካሚዎች ነበሩ። ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ በደም ውስጥ የሚታዩት ፀረ እንግዳ አካላት የለጋሾቹ በመሆናቸው፣ በእነሱ ላይ የተመሠረተ የበሽታ ምርመራ ያሳስታል፤ ስለዚህ ክሊኒኮች ከመጀመሪያው መድኃኒት በፊት የደም ናሙና ወስደው ያስቀምጣሉ።

የክሊኒኩ ዋና ጭንቀት ግን ሳንባ ነው። መድኃኒቱ የሚተካው በዋናነት ኢሚዩኖግሎቡሊን ጂን ብቻ ስለሆነ፣ በደም ውስጥ ያለው መጠኑ ተስተካክሎም የአየር ቧንቧዎች ቀስ በቀስ ሊሰፉና አክታ ሊቋጥሩ ይችላሉ። ስለዚህ የሳንባ አቅም በየጊዜው ይለካል፣ አክታ ይመረመራል፣ ሲያስፈልግም ሲቲ ስካን ይነሣል።

ስለ ክትባትም ይጠየቃል። በኢትዮጵያ ዘመቻዎች እንደሚሰጠው የፖሊዮ ጠብታ ያሉ ሕያው ቫይረስ የያዙ ክትባቶች ከባድ እጥረት ላለባቸው አይሰጡም፤ ቫይረሱ ከአንጀታቸው ላይወጣ ይችላልና። በብሪታንያ አንድ ታካሚ በልጅነቱ ከወሰደው ክትባት የመነጨውን ቫይረስ ለ28 ዓመታት ያህል ከሰገራው ጋር ሲያስወጣ ተገኝቷል።