ሲግሩፕ ምንድን ነው?

ጅማ፣ ቂጦ ፉርዲሳ ካምፓስ አካባቢ ያለ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት እናስብ። ኡቡንቱ (በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ሲስተም) የተጫነበት አንድ ኮምፒውተር አለ፤ ባለ 4 ኮር ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋባይት ራም። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ይታተምበታል፣ የቤቱ ሒሳብም ይመዘገብበታል። ልጁ ደግሞ ጎን ለጎን የሰርግ ቪዲዮ ያቀናብራል። ቪዲዮውን ኤክስፖርት ማድረግ ሲጀምር ጣጣ ይመጣል። ማውሱ ይንቀራፈፋል፣ ፒዲኤፉ አልከፈት ይላል። ነገ ዲፌንስ ያለባት ተማሪ "ኧረ በናትህ ቶሎ በል!" ትላለች። ልጁ "ስታክ አድርጓል" ብሎ ትከሻውን ይነቀንቃል።

ኮምፒውተሩ ግን ምንም አልሆነም። በሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም ፕሮሰሰሩንና ሜሞሪውን በሚያስተዳድረው የሲስተሙ እምብርት ውስጥ፣ ተራ የሚያከፋፍለው ክፍል፣ ሼጁለሩ፣ ፍትሐዊ ለመሆን ነው የሚሞክረው። ችግሩ ፍትሑ የሚሰላው በፕሮግራም ሳይሆን በትሬድ (ፕሮግራሙ ሥራውን ከፋፍሎ ጎን ለጎን በሚያስኬድበት መስመር) መሆኑ ነው። ድግስ ላይ ምግብ በሰው ቁጥር ከታደለ፣ ስምንት ሆኖ የመጣ ቤተሰብ ከብቸኛው እንግዳ ስምንት እጥፍ ይወስዳል። እዚህም እንደዚያው ነው። አንድ ኮር ላይ 8 የቪዲዮ ትሬዶችና 1 የፒዲኤፍ ትሬድ ቢሻሙ፣ ምንም ቡድን ካልተበጀ ለፒዲኤፉ የሚደርሰው ከዘጠኝ አንድ እጅ ነው።

ሲግሩፕ የሚባለው የከርነሉ ክፍል ይህን ስሌት ይቀይረዋል። ፕሮግራሞችን በቡድን ሰብስቦ ፕሮሰሰርና ሜሞሪን መጀመሪያ ለቡድኖቹ ያካፍላል። ሁለቱ ቡድኖች እኩል ክብደት ካላቸው በዚያው ኮር ላይ ለፒዲኤፉ ግማሽ ይደርሰዋል፣ ቪዲዮው ስምንትም ይሁን ሰማንያ ትሬድ ይክፈት። አዲስ የተወለደ ፕሮሰስም (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) በወላጁ ቡድን ውስጥ ነው የሚመዘገበው። ስለዚህ ልጅ በመፈልፈል ከገደብ ማምለጥ የለም። ከሲግሩፕ በፊት የነበሩት እንደ ናይስ (የፕሮሰስን ቅድሚያ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ትእዛዝ) ያሉ ዘዴዎች አንድን ፕሮሰስ እንጂ ሙሉ ቡድንን አይዙም ነበር።

ሥራውን በ2006 የጀመሩት የጉግል ኢንጂነሮች፣ ፖል ሜናጅ እና ሮሂት ሴት ናቸው። ጥር 2008 በወጣው የሊኑክስ 2.6.24 ከርነል ውስጥ ገባ። ዛሬ አብዛኛው ሲስተም የሚጠቀምበት ሁለተኛው ቅጂ ደግሞ በ2016፣ ከ4.5 ከርነል ጀምሮ ለአገልግሎት ዝግጁ ተባለ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ፕሮሰሰር በሁለት መንገድ ይካፈላል። አንደኛው ክብደት ነው። ከ1 እስከ 10000 ያለ ቁጥር ይሰጣል፤ ካልተነካ 100 ነው። የቪዲዮውን ቡድን 20 ብናደርገውና የሌላውን 100 ብንተወው፣ ሲሻሙ ቪዲዮው የሚያገኘው ከስድስት አንድ እጅ ነው። ሲሻሙ ብቻ! ማታ ደንበኛ ሲሄድ ቪዲዮው ፕሮሰሰሩን እንዳለ ይጠቀማል። አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ ክብደት የሚነጻጸረው በአንድ ወላጅ ሥር ካሉ ቡድኖች ጋር ነው። ሌላ ቅርንጫፍ ላይ ያለን ቡድን አይመለከትም። "ቁጥሩን ቀየርኩት፣ ምንም ለውጥ የለም" ለሚል ሰው መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

ሁለተኛው ጣሪያ ነው። "50000 100000" ብሎ መጻፍ (ቁጥሮቹ በማይክሮሰከንድ ናቸው)፣ በየ100 ሚሊሰከንዱ 50 ሚሊሰከንድ ብቻ እንደማለት ነው፤ የአንድ ኮር ግማሽ። ማሽኑ ሥራ ፈቶ ቢቀመጥም እንኳ ጣሪያው ጣሪያ ነው። ሌላም ተንኮል አለው። የአንድ ሙሉ ኮር ጣሪያ የተሰጠው ፕሮግራም በ4 ኮር ላይ በአንዴ ከሮጠ፣ የ100 ሚሊሰከንድ ድርሻውን በ25 ሚሊሰከንድ ይጨርሳል። ቀሪውን 75 በግድ ተኝቶ ያሳልፋል። አማካዩን ስታየው ሰላም ነው፤ ደንበኛው ግን "ይቆራረጣል" ይልሃል። ለእኔ ጣሪያ ሰርቨር ቆራርሶ ለሚያከራይ ሰው ነው የሚመቸው። ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ክብደት ይበቃል።

ሜሞሪ ላይ ጨዋታው ሌላ ነው። የፕሮሰሰር ጊዜ ይነጠቃል፣ በሚቀጥለው ተራ ይመለሳል፤ ፕሮግራሙ ከመዘግየት በቀር ምንም አይሆንም። ራም ላይ ያለ ዳታ ግን ዝም ብሎ አይጣልም። ወይ ወደ ስዋፕ (ራም ሲጠብ ዲስክ ላይ የሚያገለግል ቦታ) ይጻፋል፣ ወይ ፕሮግራሙ ራሱ ይገደላል። ስለዚህ እዚህም ሁለት መስመር አለ። ሜሞሪ ሀይ የሚባለው ለስላሳው ነው፤ ቡድኑ ሲያልፈው ከርነሉ ያዘገየዋል፣ ካሹንም (ለፍጥነት ሲባል ራም ላይ የተቀመጠውን የፋይል ቅጂ) እያራገፈ ቦታ ያስለቅቃል። ሜሞሪ ማክስ ግን ቀልድ አያውቅም። መስመሩ ላይ ተደርሶ የሚለቀቅ ነገር ከጠፋ፣ ኦኦኤም ኪለሩ (ሜሞሪ ሲያልቅ ፕሮግራም የሚገድለው የከርነሉ ክፍል) ከዚያው ቡድን አንዱን ይገድላል። "ሴቭ ላድርግ" ብሎ ነገር የለም። ሦስት ሰዓት የፈጀ ኤክስፖርት 90 ፐርሰንት ላይ ድፍት ሊል ይችላል። ደግነቱ የሚሞተው እሱ ነው፤ የተማሪዋ ፋይልና የሒሳብ መዝገቡ አይነኩም።

ለ8 ጊጋባይቱ ማሽን እኔ ብሆን ለቪዲዮው ሀይ 5 ጊጋ፣ ማክስ 6 ጊጋ አደርግ ነበር። ቡድኑ ትልልቅ ፋይል ሲያነብ ቁጥሩ ወደ ጣሪያው ቢጠጋም መደንገጥ አያስፈልግም። የፋይል ካሹም በቡድኑ ስም ይቆጠራል፣ ሲፈለግ ግን ይለቀቃል።

ይህን ለመሞከር አዲስ ነገር መጫን አያስፈልግም። ኡቡንቱ ላይ ሲስተምዲ (ፕሮግራሞችን የሚያስነሳና የሚቆጣጠር የሲስተሙ ክፍል) ኮምፒውተሩ ከተከፈተበት ቅጽበት ጀምሮ ሁሉን በሲግሩፕ ከፋፍሎ ነው የሚያስነሳው። ሲስተምዲ-ራን በሚባለው ትእዛዝ ፕሮግራሙን ከነክብደቱና ከነጣሪያው ማስጀመር ይቻላል።

ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል የታጠረ ክፍል ውስጥ በሚያስኬዱት በዶከርና በኩበርኔቲስ ላይ "2 ጊጋ ራም፣ ግማሽ ሲፒዩ" ተብሎ የሚሞላውም መጨረሻው እዚሁ ከርነል ውስጥ ነው። ኮንቴይነር ውስጥ ገብቶ የራምን መጠን የሚያሳየውን ፍሪ የሚለውን ትእዛዝ የጻፈ ሰው ግን የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ የማሽኑን ሙሉ ራም ነው፣ የተሰጠውን 2 ጊጋ አይደለም። የድሮዎቹ የጃቫ ቅጂዎችም በዚሁ ይሸወዱ ነበር፤ በማሽኑ ራም ልክ ይለጠጡና ጣሪያው ላይ ይገደላሉ። ኮንቴይነር ያለ ምክንያት ጠፍቶ 137 የሚል ቁጥር ከተወ፣ ኮዱን ከመበርበር በፊት የከርነሉን ሎግ ማየት ነው። 137 ማለት 128 ሲደመር 9 ነው፤ 9 ደግሞ የኪል ሲግናል ቁጥር ነው። የኦኦኤም መልእክት ሎጉ ላይ ከተገኘ ገዳዩ አብዛኛውን ጊዜ የሜሞሪ ጣሪያው ነው።