የቅጂ መብትና የዲጂታል ሚዲያ ቁጥጥር በጅማ

በጅማ ዘፈንና መንዙማ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው በሚሞሪ ካርድና በፍላሽ ጭምር ነው። ደንበኛው ካርዱን ይሰጣል፤ ዘፈን ጫኚው በቋንቋና በዘፋኝ ከደረደራቸው ፎልደሮች መርጦ ይገለብጥለታል። በተለመደው የ128 ኪሎቢት ጥራት የአንድ ደቂቃ ድምፅ 1 ሜጋባይት ያህል ስለሚይዝ፣ ባለ 8 ጊጋባይት ካርድ አምስት አምስት ደቂቃ የሚረዝሙ 1,500 ገደማ ዘፈኖችን ይችላል። ክፍያው ጫኚው ዘንድ ይቀራል። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን የባለሥራው ስም መጥፋት ነው፤ ፋይሉ ሲገለበጥ «ትራክ 01» ተብሎ ይቀመጣል፣ አንዳንዴም በዘፋኙ ስም ቦታ የሱቁ ስልክ ቁጥር ይገባል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተገለበጠ በኋላ ግጥሙ የማን እንደሆነ ከፋይሉ ማወቅ አይቻልም።

ጉዳዩን የሚገዛው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ከዚያ በፊት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1647 እስከ 1674 ያሉት ድንጋጌዎች ይሠሩ ነበር። በአዋጁ መሠረት ሥራው ወጥ ከሆነና ከተጻፈ ወይም ከተቀረጸ ያለ ምዝገባም ጥበቃ ያገኛል፤ ምዝገባ የሚጠቅመው ክርክር ሲነሳ ለማስረጃ ነው። የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፣ የፎቶግራፍ 25 ዓመት ነው። በስም የመጠራት መብትም ከገንዘቡ መብት ተለይቶ ተደንግጓል፤ ያ «ትራክ 01» የሚጥሰው ይህንኑ ነው። በ2007 የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 872/2007፣ ሮያሊቲን (ሥራው ጥቅም ላይ ሲውል ለባለመብቱ የሚከፈለውን ድርሻ) የሚሰበስቡ የጋራ አስተዳደር ማኅበራት የሚቋቋሙበትን መንገድ ከፍቷል።

ሰው በብዛት የሚሳሳተው መንዙማ ላይ ነው። በጅማ ዙሪያ በአፋን ኦሮሞ የሚባለው መንዙማ ከድሮ ሼኾች የወረደ ከሆነ ግጥሙና ዜማው የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ማንም ሊያዜመው ይችላል። ዛሬ አንድ ሙንሺድ (መንዙማ አዜሚ) ሲያዜመውና ስቱዲዮ ሲቀርጸው ግን በዚያ ቀረጻ ላይ ከዋኙና ፕሮዲውሰሩ ለየራሳቸው የ50 ዓመት መብት ያገኛሉ። ስለዚህ መንዙማውን ራስን ችሎ እንደገና መቅረጽ ይፈቀዳል፣ የሌላውን ቀረጻ ገልብጦ መሸጥ አይፈቀድም። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት የከተማውን ቅርስ ለአንድ አሳታሚ አሳልፎ መስጠት ነው።

ዩቲዩብ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። አንድ አከፋፋይ የቆየ የሕዝብ ዜማ ያለበትን ቀረጻ ኮንተንት አይዲ በሚባለው የዩቲዩብ ቅጂ መለያ ሥርዓት ውስጥ ካስገባ፣ ማሽኑ ያንኑ ዜማ የተጫወቱትን ሌሎችንም የእርሱ አድርጎ ሊይዝ ይችላል። ክሌም (የባለቤትነት ጥያቄ) ሲመጣ ቪዲዮውን አጥፍቶ መሸሽ አይገባም፤ ዜማው የሕዝብ መሆኑንና ቀረጻው የራስ መሆኑን ጽፎ ተቃውሞ ማስገባት ይቻላል፣ ጠያቂው መልስ የሚሰጥበት ጊዜ 30 ቀን ነው። ስትራይክ (የቅጂ መብት ጥሰት ማስጠንቀቂያ) ከዚህ ይከብዳል፤ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ከተደራረበ ቻናሉ ይዘጋል።

የመንግሥት ቁጥጥር ሌላ መስመር ነው። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ማኅበራዊ ሚዲያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለውን ይዘት እንዲያነሱ ያዛል። የበለጠ የሚጎዳው ግን ኢንተርኔት ሲቋረጥ ነው። ሰኔ 22 ቀን 2012 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ፣ በስሙና በራሱ ቻናል ሥራውን የሚለቅ ሁሉ መንገዱ ተዘጋበት። ካርድ ግን ኔትወርክ አይጠይቅም፤ ስም አልባው ግልባጭ መዞሩን ይቀጥላል።

በዩኒቨርሲቲው አካባቢ ፎቶ ኮፒ ለሚያስነሱ ተማሪዎችም ሕጉ ቦታ አለው፦ ለግል መገልገያ አንድ ቅጂ፣ ለማስተማሪያም ምንጩ ተጠቅሶ ለዓላማው የሚበቃውን ያህል። መጽሐፍን ሙሉ በሙሉ አባዝቶ መሸጥ ከዚህ ውጭ ነው።

የአገር ዜማ የሚቀርጽ ሰው ማይክ ከመክፈቱ በፊት የዘፋኙን፣ የተቀባዮቹንና የከበሮ መቺውን ሙሉ ስም ይጻፍ፤ ለምን እንደሚውልና ክፍያው ስንት እንደሆነ በወረቀት ያስፈርም። ዋናውን የዋቭ ፋይል (ያልተጨመቀውን ቅጂ) ሳይነካ በሁለት ቦታ ያስቀምጥ፤ ለገበያ የሚለቀውን ኤምፒ ስሪ ስሞቹን ከሞላበት በኋላ ያውጣ።