ወደ ፈረንሳይ ትንንሽ ከተሞች ስታዲየም መጓዝ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፕሪሚየር ሊግን በየሳምንቱ እየተከታተለ ያደገ፣ ዛሬ ደግሞ በአውሮፓ የሚኖር የእግር ኳስ አፍቃሪ ወገናችን ፈረንሳይ ሄዶ ጨዋታ ለማየት ሲያስብ ቀድመው የሚታወሱት ፓሪስ እና ማርሴይ ናቸው። እኔ ግን የፈረንሳይ እግር ኳስ ልብ የሚገኘው እንደ ሌንስ፣ ጊንጋምፕ እና ኦሴር ባሉ ትንንሽ ከተሞች ነው ብዬ አምናለሁ። ስለ እነዚህ ከተሞች የሚነገሩ አንዳንድ አመለካከቶች መንገደኛውን ለከንቱ ወጪ፣ አንዳንዴም ከሕግ ጋር ለመጋጨት ስለሚዳርጉት በየተራ ማረም ያስፈልጋል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ከተማዋ ትንሽ ከሆነች ስታዲየሙም ትንሽ ነው፤ ቲኬትም በሩ ላይ ይገኛል።

ሌንስ 32 ሺህ ገደማ ነዋሪ ሲኖራት የቦላር ደልሊ ስታዲየም ግን 38 ሺህ ያህል ተመልካች ይይዛል፤ የከተማዋ ሕዝብ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ቢገባበት እንኳ አይሞላም። ይህ የሆነው ክለቡ የአንዲት ከተማ ብቻ ሳይሆን የመላው የከሰል ማዕድን አካባቢ ክለብ በመሆኑ ነው። በ1933 የተመረቀው ስታዲየም የተሰየመው ከማዕድን ኩባንያው ኃላፊዎች አንዱ በነበሩት በፌሊክስ ቦላር ሲሆን፣ የቀድሞው ከንቲባ የአንድሬ ደልሊ ስም የተጨመረው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በአካባቢው የከሰል ቁፋሮ በ1990 ቢያበቃም የቆፋሪዎቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ከየመንደሩ ወደዚያው ስታዲየም መትመማቸውን አላቆሙም። በ1998ቱ የዓለም ዋንጫ ሎራን ብላን በፓራጓይ ላይ ያገባት፣ በዓለም ዋንጫ ታሪክ የመጀመሪያዋ ወርቃማ ግብ (በተጨማሪ ሰዓት ተቆጥራ ጨዋታውን ወዲያው የምታበቃ ግብ) የተቆጠረችው በዚሁ ሜዳ ነው።

የጊንጋምፕ ነገር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በብሪታኒ ክልል የምትገኘው ይህች ከተማ 7 ሺህ ገደማ ሰው ይኖርባታል፤ ሩዱሩ የተባለው ስታዲየሟ ግን 18 ሺህ ያህል ተመልካች ያስተናግዳል። ስለዚህ የከተማዋን ትንሽነት አይቶ ቲኬት ሳይቆርጡ መሄድ አያዋጣም። በተለይ ሌንስ ላይ ወንበሮቹ ከጨዋታው ቀን አስቀድመው ስለሚያልቁ ከክለቡ በቀጥታ፣ ሽያጭ እንደተከፈተ መግዛት ይገባል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ የትንሽ ከተማ ክለብ ታሪክም ደረጃም የለውም።

የቼልሲ ደጋፊ የሆነ ሁሉ የሚያውቃቸው ዲዲየ ድሮግባ እና ፍሎሮን ማሉዳ ስማቸው ከመግነኑ በፊት አብረው የተጫወቱት በጊንጋምፕ ነው። ክለቡ የፈረንሳይን ዋንጫ በ2009 እና በ2014 ያነሣ ሲሆን፣ ሁለቱንም ጊዜ በፍጻሜው ያሸነፈው የክልሉን ትልቅ ከተማ ክለብ ሬንን ነበር። በ2009 ጊንጋምፕ የሁለተኛ ዲቪዚዮን ክለብ ነበር፤ ከዚያ ዲቪዚዮን ተነሥቶ ዋንጫውን የወሰደ ሌላ ክለብ በ1959 ያሸነፈው ለ ሃቭር ብቻ ነው። ኦሴርን ደግሞ ከአካባቢ ውድድር አንሥተው በ1996 የሊግ ሻምፒዮን ያደረጉት ጊ ሩ ናቸው፤ በ1961 የጀመሩትን አሠልጣኝነት፣ በመካከሉ አጫጭር ዕረፍቶች ቢኖሩም፣ እስከ 2005 ዘልቀውበታል። በዮን ወንዝ ዳር ያለው ስታዲየም ስሙን ያገኘው በ1905 ክለቡን ከመሠረቱት ካህን፣ ከአባ ዴሻም ነው። ይህን ታሪክ ሳያውቁ መግባት፣ ከጎን ያለው አዛውንት ለምን ዕንባ እንደሚተናነቀው ሳይረዱ መውጣት ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ የፈረንሳይ ባቡር ፈጣን ስለሆነ በዚያው ሌሊት ወደ ፓሪስ መመለስ ይቻላል።

ባቡሩ ፈጣን መሆኑ እውነት ነው። ከፓሪስ ሞንፓርናስ ወደ ብሬስት የሚሄደው ፈጣን ባቡር ጊንጋምፕ ላይ ይቆማል፤ የሌንስ ስታዲየም ደግሞ ከባቡር ጣቢያው በእግር ሩብ ሰዓት ያህል ቢወስድ ነው። ችግሩ የሚመጣው በመመለሻው ላይ ነው። ቲኬቱ ላይ 20:00 ተብሎ የሚጻፈው፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚጀምር ጨዋታ የሚያበቃው ወደ 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ በዚያ ሰዓት ከትንንሽ ከተሞች ወደ ሩቅ የሚሄድ ባቡር ብዙውን ጊዜ አይገኝም። እሑድ ደግሞ የከተማ አውቶቡሱም ይሳሳል። በከተማዋ ያሉት ሆቴሎች ጥቂት ስለሆኑ በአንድ ትልቅ ጨዋታ ምሽት ፈጥነው ይሞላሉ፤ ሌንስ ላይ አልጋ ያጣ ሰው አራስ ወይም ሊል ሊያድር ይችላል፤ ጊንጋምፕ ላይ ግን አማራጩ ጠባብ ነው።

ከዚህም የከፋው ቀኑን አለማረጋገጥ ነው። የውድድር ዘመኑ መርሐ ግብር በአውሮፓ በጋ ሲወጣ የሚያመለክተው ጨዋታው የሚውልበትን የሳምንት መጨረሻ ብቻ ነው፤ ትክክለኛው ቀን እና ሰዓት የሚታወቀው የቴሌቪዥን ምርጫ ከተደረገ በኋላ፣ ጨዋታው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ቅዳሜ ነው ብሎ ገንዘቡ የማይመለስ የባቡር ቲኬት የገዛ ሰው ጨዋታው ወደ ዓርብ ወይም ወደ እሑድ ሲዞር ገንዘቡን ያጣል። ሆቴሉን ሊሰረዝ በሚችል ዋጋ መያዝ፣ ባቡሩን ደግሞ ሰዓቱ ከጸደቀ በኋላ መቁረጥ ይሻላል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ቲኬት እስካለኝ ድረስ የፈለግሁትን ማሊያ ለብሼ የፈለግሁበት እቀመጣለሁ።

መንገደኛ ደጋፊ ከሁሉ ይልቅ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ይህ ነው። በፈረንሳይ የእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች የሚገቡበት በአጥር የተከለለ የብቻቸው ክፍል አለ፤ ቲኬቱም ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው በራሳቸው ክለብ በኩል ነው። በ2011 የወጣ ሕግ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ የደጋፊዎችን ጉዞ የመከልከል፣ በየአውራጃው መንግሥትን ለሚወክለው ለፕሬፌው ደግሞ እንቅስቃሴያቸውን የመገደብ ሥልጣን ሰጥቷል፤ ይህ ሥልጣን በየሳምንቱ ማለት ይቻላል ሥራ ላይ ይውላል። ትእዛዙን የጣሰ ሰው እስከ 6 ወር እስራት እና እስከ 30 ሺህ ዩሮ መቀጮ ሊጠብቀው ይችላል። ክልከላው የሚመለከተው ስታዲየሙን ብቻ አይደለም፤ የእንግዳውን ቡድን ማሊያ ወይም ሻርፕ ያደረገ ሰው በትእዛዙ በተዘረዘሩት የመሐል ከተማ መንገዶች ላይ እንኳ እንዳይገኝ ሊከለከል ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጉዞው ይፈቀድና፣ ደጋፊዎቹ በአውራ ጎዳና ላይ በተወሰነ ቦታ ተሰብስበው በፖሊስ ታጅበው በአውቶቡስ ብቻ እንዲገቡ ይደረጋል፤ ያን ጊዜ በራሱ ባቡር የመጣ ሰው ቲኬት ቢኖረውም ደጅ ይቀራል።

ክለቦች እና የደጋፊ ማኅበራት በእነዚህ ትእዛዞች ላይ አቤት ብለው፣ የመንግሥት ምክር ቤት የሚባለው ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት የተወሰኑትን አግዷል። ደጋፊን ሁሉ እንደ አጥፊ የሚቆጥረው ይህ አሠራር ተገቢ አይመስለኝም። ሕጉ ጸንቶ እስካለ ድረስ ግን ከጉዞው በፊት የፕሬፌውን ውሳኔ ማየት ግድ ነው። ለሁለቱም ክለቦች የማያዳላ መንገደኛ የባለሜዳውን መቀመጫ ገዝቶ፣ የእንግዳውን ቡድን ቀለም ሳይለብስ ቢገባ ምንም አይገጥመውም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ እንደ ጀርመን ሁሉ ቢራ ይዞ ጨዋታ ማየት ይቻላል።

በ1991 የወጣው የኤቫን ሕግ በስታዲየም ውስጥ የአልኮል ሽያጭን ስለሚከለክል፣ በፕሮፌሽናል ክለቦች ተራ መቀመጫዎች አካባቢ የሚቀርበው ቢራ በአብዛኛው አልኮል የሌለው ነው። ርችት እና ጭስ ይዞ መግባት ደግሞ እስከ 3 ዓመት እስራት እና እስከ 15 ሺህ ዩሮ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ የዋንጫ ጨዋታ ከሆነ በባለሜዳው ከተማ ይደረጋል።

በፈረንሳይ ዋንጫ ከሰባት ሺህ በላይ ክለቦች ይመዘገባሉ፤ ከተጋጣሚው ቢያንስ ሁለት ዲቪዚዮን ዝቅ ያለ ክለብም ባለሜዳ ይሆናል። ይህ ድንቅ ሕግ ታላላቆቹን ወደ ትንንሽ ከተሞች ያመጣል። ይሁን እንጂ የትንሹ ክለብ ሜዳ የጸጥታን መስፈርት ካላሟላ ወይም ሕዝቡን የማይችል ከሆነ ጨዋታው ወደ ትልቅ ከተማ ይዛወራል። በ2018 የሦስተኛው ዲቪዚዮን ሌ ዘርቢዬ ሻምብሊን ረትቶ ለፍጻሜ ያለፈበት የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ የተካሄደው በናንት ከተማ፣ በቦዥዋር ስታዲየም ነበር። በሊግም ቢሆን ነገሩ ይከፋል፦ ስድስት መቶ ገደማ ነዋሪ ያላት ሉዜናክ በ2014 ክለቧ ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን የሚያልፍበትን ነጥብ በሜዳ ላይ አግኝቶ ሳለ፣ መስፈርቱን የሚያሟላ ስታዲየም የለውም ተብሎ ዕድሉን ተነፍጓል። ስለዚህ የዋንጫ ዕጣ ወጥቶ የምትወዱት ትንሽ ክለብ ታላቅ ተጋጣሚ ሲደርሰው፣ ባቡሩን ከመቁረጣችሁ በፊት ጨዋታው የሚደረግበትን ስታዲየም ከክለቡ መግለጫ አረጋግጡ።