ቀዶ ሐኪም መሆን በኢትዮጵያ፦ ሥልጠናው፣ ልምምዱና ምርምሩ

በኢትዮጵያ ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም ለመሆን ከሕክምና ዶክትሬት በኋላ የአራት ዓመት የሬዚደንሲ፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ የሚወሰድ የስፔሻሊስትነት፣ ሥልጠና ይጠይቃል። አመልካቹ ኢንተርንሺፑን ጨርሶ፣ ብዙውን ጊዜም ጠቅላላ ሐኪም ሆኖ ካገለገለ በኋላ አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና ይቀመጣል። ከዚያም በውጤቱና በመረጠው የትምህርት ዘርፍ መሠረት ወደ አንዱ የማስተማሪያ ሆስፒታል ይመደባል። የአዲስ አበባዎቹ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ፣ እንዲሁም የጎንደር፣ የጅማ፣ የመቀሌና የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች በዚህ ሥልጠና ከሚታወቁት መካከል ናቸው። የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ደግሞ የራሱ የአምስት ዓመት ሥልጠና አለው።

ይህ ዕድል በአገር ውስጥ ሁልጊዜ አልነበረም። ቀደም ሲል ስፔሻሊስት መሆን የሚፈልግ ሐኪም ባሕር መሻገር ነበረበት። ስማቸው ከኢትዮጵያ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ጋር አብሮ የሚነሣው ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ የተማሩት ኤድንብራ ነው። ወደ አገራቸው ተመልሰው የሕክምና ፋኩልቲውን ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ፣ በዲንነትም መሩት። የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ በፊት ጭንቅላቱ ውስጥ ደም የፈሰሰበት የአደጋ ተጎጂ በሕይወት መትረፍ አለመትረፉ የሚወሰነው፣ በዚያ ቀን በአገሪቱ ውስጥ በጣት የሚቆጠሩት የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች በሚገኙበት ቦታ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዩኒቨርሲቲው በር ሌላ ሁለት በሮች አሉ። አንደኛው የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ነው። በአጭር ስሙ ኮሴክሳ የሚባለው ይህ ኮሌጅ ጽሕፈት ቤቱ አሩሻ፣ ታንዛኒያ ሲሆን የራሱ ግቢ የለውም። ሠልጣኙ ኮሌጁ እውቅና በሰጠው ሆስፒታል ውስጥ እየሠራ ይማራል፤ ለአባልነትና ለፌሎሺፕ የሚሰጠውን የጋራ ፈተናም ከጎረቤት አገር ሐኪሞች ጋር ይቀመጣል። የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል በዚህ መንገድ ቀዶ ሐኪሞችን ከሚያሠለጥኑት አንዱ ነው። ሁለተኛው በር ለጤና መኮንኖች የተከፈተው የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የማስተርስ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ከተጀመረው ከዚህ ትምህርት የወጡ ባለሙያዎች ስፔሻሊስት በማይደርስባቸው ሆስፒታሎች ምጥ የጠናባቸውን እናቶች በቀዶ ያዋልዳሉ፣ ሆዳቸው የታመመባቸውንም ከፍተው ያክማሉ። አንዳንድ ሬዚደንቶች እነዚህን ባልደረቦች ዝቅ አድርገው ሲያዩ ይሰማል፤ ይህ ተገቢ አይደለም። ወረዳ ላይ አንድ ሌሊት ያደረ ሰው ዋጋቸውን ያውቃል።

የችግሩን ስፋት በቁጥር ያስቀመጠው ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የዓለም ቀዶ ሕክምና ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪፖርት 5 ቢሊዮን ሰው ደኅንነቱ የተጠበቀና አቅሙ የሚፈቅደውን ቀዶ ሕክምና በጊዜው አያገኝም ብሏል። ለ100,000 ሰው በድምሩ ቢያንስ 20 ቀዶ ሐኪሞች፣ የሰመመንና የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስቶች እንዲኖሩም ግብ አስቀምጧል። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር በተከታዩ ዓመት የራሱን አገር አቀፍ የቀዶ ሕክምና ዕቅድ ጀመረ። 

የሥልጠናው የመጀመሪያ ዓመት በአብዛኛው የሚያልፈው ዋርድ በሚባለው የተኝቶ ታካሚዎች ክፍልና ድንገተኛ ክፍል ነው። ኦፕራሲዮን ክፍል ለመግባት የቸኮለ ሰው ይህን ዓመት እንደ ቅጣት ያየዋል። እንደ እኔ እምነት ግን ከአራቱ ዓመታት ዋነኛው ይህ ነው፤ ምክንያቱንም አንድ ትልቅ ጥናት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የአፍሪካ የቀዶ ሕክምና ውጤት ጥናት በ25 አገሮች፣ በ247 ሆስፒታሎች 11,422 ታካሚዎችን ተከታትሏል። ታካሚዎቹ በሌላው ዓለም ካሉት በዕድሜ ያነሱ፣ ተጓዳኝ በሽታም ብዙ የሌለባቸው ነበሩ። ከቀዶው በኋላ ችግር የገጠማቸው ሰዎች ድርሻም ከሌላው ዓለም ጋር ይቀራረባል። የሞቱት ግን ከዓለም አማካይ እጥፍ ሆነው ተገኙ። ከሞቱት ከአሥሩ ዘጠኙ ያረፉት ደግሞ ከኦፕራሲዮኑ ቀን በኋላ ነው። ቀዶው ተሳክቶ ሳለ፣ ዋርድ ላይ የጀመረው ችግር በጊዜ ስላልታየ ሰው ይሞታል ማለት ነው።

ስለዚህ ጀማሪ ሬዚደንት በዲዩቲ (በተረኝነት) ሌሊት የልብ ምት፣ የሽንት መጠንና ትንፋሽ እየቆጠረ ሲዞር የሚሠራው ሥራ ራሱ ቀዶ ሕክምና ነው። አንጀቱ የተሰፋለት ሰው በአምስተኛው ቀን አካባቢ ያለምክንያት ልቡ መቸኮል ከጀመረ፣ ሙቀት ባይኖረውም ስፌቱ አፈትልኮ እንዳይሆን መጠርጠር ይገባል። ቱቦ ያልገባለት ታካሚ ሽንት ስንት ጊዜ እንደወጣ ካርዱ ላይ ካልተጻፈ አስታማሚውን መጠየቅ ነው። በእኛ ሆስፒታሎች ከአልጋው ሥር ምንጣፍ አንጥፎ የሚያድረው ዘመድ ከማንም በፊት ለውጡን ያያል። «ሌሊቱን ሲያቃስት ነው ያደረው» የሚል ቃል ከሞኒተር ያላነሰ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሰምቶ ተነሥቶ ሆዱን መዳሰስ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሲኒየርን፣ ማለትም የበላይ ሐኪሙን፣ የመጥራት ውሳኔ ነው። ከእንቅልፍ ስቀሰቅሰው ይቆጣኛል፣ አያውቅም ይለኛል የሚል ፍርሃት ብዙ ጉዳት ያስከትላል። መልካሙ ልማድ ከመደወል በፊት የታካሚውን ዕድሜ፣ ችግሩ የጀመረበትን ሰዓት፣ የአሁኑን ምትና ግፊት፣ ሐኪሙ የሚጠረጥረውንና ሊያደርግ ያሰበውን በአራት ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቶ መናገር ነው። እንዲህ የሚደውል ሬዚደንት በሁለተኛው ዓመት ሲኒየሮች ኃላፊነት የሚሰጡት ሰው ይሆናል።

የእጅ ሥራ የሚለመደው በድግግሞሽ ነው። ለዚህ ከአገራችን የሚጠቀሰው ምስክር ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። ለፊስቱላ (በተራዘመ ምጥ ለሚፈጠር ቀዳዳ) ሕክምና ወደ ሆስፒታል መጥተው እዚያው ሲረዱ ቆዩ፤ መደበኛ ትምህርት ሳያገኙም ከዶክተር ሬጂናልድና ከዶክተር ካትሪን ሃምሊን ሥር እያዩና እየሠሩ ፊስቱላ የሚጠግኑ ባለሙያ ሆኑ። ማንም ሰው ያለ ንባብ ቀዶ ሐኪም ይሁን ማለቴ አይደለም። የታዛቢ ዓይንና የታጋሽ መምህር ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ ግን ታሪካቸው ያሳያል። የተረፈ የስፌት ክር ይዞ ቤት ውስጥ በአንድ እጅና በሁለት እጅ ቋጠሮ መለማመድ፣ በካርቶን ሣጥንና በስልክ ካሜራ የላፓሮስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና) መለማመጃ መሥራት፣ ከነገው ኦፕራሲዮን በፊት ማታ አናቶሚውን ማየት ገንዘብ አይጠይቅም። ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ደግሞ ረዳት የሆነ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን እርምጃ በልቡ እየቀደመ ካልቆመ፣ መንጠቆ ይዞ ሦስት ሰዓት ቢቆም ድካም እንጂ ትምህርት አያተርፍም። የተሠራው ሁሉ በዚያው ቀን ሎግቡክ በሚባለው የሥራ መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ በዋናነት የሠራው፣ የረዳውና ያየው ተለይቶ፣ ሳይጋነን።

ደኅንነትን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ማመሳከሪያ ዝርዝር ከሰመመን በፊት፣ ከመቀደዱ በፊትና ታካሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ጮክ ብሎ ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ2009 በስምንት ከተሞች የተደረገው ጥናት ዝርዝሩ ሥራ ላይ ሲውል ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ መውረዱን አሳይቷል። በኢትዮጵያም ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት ከሆስፒታሎች ጋር በሠራው ክሊን ከት ፕሮግራም እጅ መታጠብን፣ የመሣሪያን ንጽሕና፣ የጎዝ (የደም መምጠጫ ጨርቅ) ቆጠራንና አንቲባዮቲክ የሚሰጥበትን ሰዓት በማስተካከልና በመሰል እርምጃዎች የቁስል ኢንፌክሽን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀንሷል። አዲስ ማሽን አላስፈለገም። ጎዝ የሚቆጥሩትን ነርሶች የሚያከብር ሬዚደንት ታካሚውን ይጠብቃል። ራሱንም ይጠብቅ፤ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከመጀመሪያው ዲዩቲ በፊት መወሰድ አለበት፣ መርፌ የወጋው ሰውም አፍሮ ሳይደብቅ በዚያው ሰዓት መታከም አለበት።

ወደ ምርምሩ ስንመጣ፣ እያንዳንዱ ሬዚደንት ከመመረቁ በፊት የጥናት ጽሑፍ ያቀርባል። ብዙዎች ይህን እንደ ወረቀት ግዴታ ይጨርሱታል፤ የሚያሳዝነውም ይህ ነው። የምንማርባቸው መጻሕፍት የተጻፉት በሌላ አገር ታካሚዎች ላይ ተመሥርተው ነው። በእነዚያ መጻሕፍት ትልቁን አንጀት የሚዘጋው ዋና ምክንያት ካንሰር ነው። በኢትዮጵያ ድንገተኛ ክፍሎች ግን ቮልቩለስ የሚባለው የሲግሞይድ አንጀት መጠምዘዝ ይበዛል። ታካሚው ብዙውን ጊዜ ሆዱ ተነፍቶ ከገጠር የመጣ ወንድ ነው። አንጀቱ ካልሞተ በፊንጢጣ ቱቦ አስገብቶ ማስተንፈስ ይቻላል፤ ከሞተ ግን ሳይዘገዩ መቁረጥ ግድ ነው። ታካሚው ቱቦ ገብቶለት ከተሻለው በኋላ ለቀጠሮው ኦፕራሲዮን ይመለሳል ወይስ ይቀራል? ከቀረስ ስንት ጊዜ ተመልሶ ይጠመዘዝበታል? መልሱን ሊሰጠን የሚችለው ጥቁር አንበሳ ወይም ጎንደር ያለ ሬዚደንት እንጂ የለንደን ምሁር አይደለም። እንቅርትም እንዲሁ ነው። በአዮዲን እጥረት ለዓመታት ያደገ ትልቅ እንቅርት የድምፅ ነርቭንና የካልሲየም እጢዎችን ከቦታቸው ገፍቶ ስለሚገኝ፣ የእኛ ልምድ ለሌሎችም ትምህርት ይሆናል።

ጥሩ ጥያቄ ከዋርዱ ይወለዳል። ሞርኒንግ በሚባለው የጠዋት ስብሰባ ላይ ደጋግሞ የሚነሣ ክርክር፣ በሞትና በጉዳት ግምገማ ላይ ሁለቴ የተመለሰ ችግር ካለ እዚያ ጥናት አለ። ከዚያ ጥያቄውን ማጥበብ ይቀጥላል። «የትርፍ አንጀት ሕመም በሆስፒታላችን» የሚል ርዕስ የትም አያደርስም። «ትርፍ አንጀታቸው ፈንድቶ የመጡ ሕፃናት ከመጀመሪያው ሕመም እስከ ኦፕራሲዮን ያለፈው ጊዜ የባከነው የት ነው፤ ቤት፣ ጤና ጣቢያ ወይስ እኛው ጋ?» የሚለው ግን ሊሠራ የሚችልና መልሱም የሚጠቅም ነው።

አብዛኛው የሬዚደንት ጥናት ያለፉ ካርዶችን በማየት የሚሠራ ነው፤ ድክመቱም እዚያው ነው። ከካርድ ክፍል የጠፋው ካርድ ብዙ ጊዜ የሞተው ወይም ወደ ሌላ የተላከው ታካሚ ነው። የተገኙትን ብቻ ቆጥሮ ሞትን ያሰላ ሰው ሳያውቅ ውጤቱን ያሳምራል። ስለዚህ ስንት ካርድ ተፈልጎ ስንት እንደጠፋ በግልጽ መጻፍ አለበት። ከተቻለ በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ የሥነ ምግባር ኮሚቴን ፈቃድ አግኝቶ፣ አዲስ ታካሚ በገባ ቁጥር በቅጽ መመዝገብ ይሻላል። አንድ ዓመት ተኩል እንዲህ የተመዘገበ መቶ ታካሚ ከተበታተነ አምስት መቶ ካርድ የበለጠ ይናገራል። ስታቲስቲክስ የሚያውቅ የሕብረተሰብ ጤና ባለሙያም መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ሳይሆን ገና ዕቅዱ ሲጻፍ ይማከር።

ለብቻ መሥራት የከበደው በጋራ ጥናት ሊሳተፍ ይችላል። ግሎባልሰርጅ የተባለው ኅብረት በየአገሩ ያሉ ተማሪዎችና ሬዚደንቶች በአንድ ዓይነት ቅጽ መረጃ እየሰበሰቡ በስማቸው የሚያሳትሙበት ነው። ስለ ቁስል ኢንፌክሽን ያደረገው ጥናት በ66 አገሮች ከ12,000 በላይ ታካሚዎችን አካትቷል። ለንባብ ደግሞ ሂናሪ በተባለው ፕሮግራም አማካይነት የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ውድ መጽሔቶችን ያገኛሉ፤ የይለፍ ቃሉ ከቤተ መጻሕፍት ይጠየቃል። ለማሳተም ከ1962 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚወጣው የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት፣ የጅማው የጤና ሳይንስ መጽሔትና የኮሴክሳ መጽሔት አሉ። ጽሑፉን በቀናት ውስጥ እናትማለን ብሎ በኢሜይል ገንዘብ የሚጠይቅን አሳታሚ ግን መሸሽ ነው። የደራሲዎች ስም ቅደም ተከተልም ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ቢስማሙበት ኋላ የሚፈጠረውን ቅያሜ ያስቀራል።

አራቱ ዓመታት ሲያልቁ ተመራቂው ብዙውን ጊዜ ወደ ክልል ሆስፒታል ይመደባል፤ እዚያ የመጀመሪያው ወይም ብቸኛው ቀዶ ሐኪም ሊሆን ይችላል። ከመሄዱ በፊት የሰመመን ባለሙያ፣ ደም ባንክና ኦክስጅን መኖሩን ማጣራት፣ የመምህራኑንና የጓደኞቹን ስልክ መያዝ፣ በሥልጠናው ጊዜ የጀመረውንም የመመዝገቢያ ቅጽ ይዞ መሄድ ይጠቅመዋል። በሕፃናት፣ በልብና ደረት ወይም በሽንት ቧንቧ ቀዶ ሕክምና ሰብ ስፔሻሊቲ መቀጠል የሚፈልግ ሰው የሚመዘነውም በዚያ ሆስፒታል በሠራውና በመዘገበው ነው።