የሪፍ ሰፍነጎችን በዘረመል መለየት

ሰፍነግ (የባሕር ስፖንጅ) ከአለት ወይም ከሪፍ (ኮራል የሚባሉ የባሕር እንስሳት ከሚሠሩት አለት መሰል ግንብ) ጋር ተጣብቆ ውኃ እያጣራ የሚኖር እንስሳ ነው። ስም የወጣላቸው ዝርያዎች ከ9,000 በላይ ናቸው። ይህ ዳሰሳ ደሴ ላይ የተጠናቀረው፣ በአማርኛ የተጻፈ እምብዛም ስለማይገኝ፣ በተለይ ለወሎ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ተማሪዎች ታስቦ ነው።

ቀድሞ ዝርያ የሚለየው በአጽሙ ነበር። ቁራጩ በረኪና ውስጥ ተነክሮ ሥጋው ሲሟሟ የሚቀሩት ጥቃቅን የሲሊካ መርፌዎች በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። የቀይ ባሕርን ሰፍነጎች የስዊዘርላንዱ የእንስሳት ተመራማሪ ኮንራድ ኬለር እ.ኤ.አ. ከ1889 ጀምሮ የገለጸው በዚያ ዘመን ዘዴ ነው። ችግሩ፣ መርፌ ጭራሽ የሌላቸው ሰፍነጎች አሉ፤ የአንዱ ዝርያ መልክም እንደ ውኃው ጥልቀትና ሞገድ ይለዋወጣል።

የዘረመል ዘዴ የሚጀምረው ኮሮና ሁላችንንም ባስተማረን ፒ.ሲ.አር. (የዲ.ኤን.ኤ. ቁራጭን በሚያባዛ ዘዴ) ነው። ለእንስሳት የተለመደው መለያ ከማይቶኮንድሪያ (ከሴል ኃይል ማመንጫ) የሚወሰድ፣ 658 የዲ.ኤን.ኤ. ፊደላት ገደማ ያለው ሲ.ኦ.አይ. የተባለ ቁራጭ ነው። ለዓሣ ጥሩ ይሠራል፤ ለሰፍነግ ግን ያስቸግራል። የሰፍነግ ማይቶኮንድሪያ በጣም ቀስ ብሎ ስለሚለወጥ፣ ሁለት የቅርብ ዘመድ ዝርያዎች አንድ ዓይነት ፊደል ይዘው ሊገኙ ይችላሉ። በዚያ ላይ ሰፍነጉ በባክቴሪያ የተሞላ ነው፤ ቀዳዳዎቹም የትላትልና የትናንሽ ሸርጣኖች መኖሪያ ናቸው። ስለዚህ ማሽኑ የእንግዳውን ዲ.ኤን.ኤ. አንብቦ የባለቤቱ ነው ሊል ይችላል። ጠንቃቃ ተመራማሪዎች 28ኤስ የሚባለውን የኒውክለስ ዘረመል ይጨምሩበታል፣ መርፌዎቹንም አይተዉም። በፊደል ልዩነት ብቻ የተቆጠረን «ዝርያ» ሁሉ ዝርያ ማለት፣ በእኛ እይታ፣ ችኮላ ነው።

ጠላቂ የማያያቸው ሰፍነጎች በሪፉ ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃሉ። ለእነሱ የተደራረቡ የፕላስቲክ ሳህኖች ከሪፉ ላይ ታስረው ከ1 እስከ 3 ዓመት ይቆያሉ። ሲወጡ አንድ በአንድ ተለያይተው ፎቶ ይነሣሉ፤ ጥፍር የሚያህለው ሰፍነግ በምላጭ ተፍቆ አልኮል ውስጥ ይገባል፣ የቀረው ተፈጭቶ ዲ.ኤን.ኤ.ው በጅምላ ይነበባል። በሃዋይ ካኔኦሄ ባሕረ ሰላጤ ይህ ዘዴ ከዚያ በፊት ያልተመዘገቡ በርካታ ሰፍነጎችን አውጥቷል።

ከኮምቦልቻ በባቲ ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ የሚደርሰው ቀይ ባሕር ላይ ነው። ሆኖም ሰፍነግ በጨው አልባ ውኃም ይኖራል፤ ለልምምድ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው የሐይቅ ውኃ ይበቃል። እንስሳቱ ውኃው ውስጥ የሚተዉት ዲ.ኤን.ኤ. ማጣሪያ ላይ ስለሚቀር፣ ውኃው ተጣርቶ ማጣሪያው ወዲያው በበረዶ ይቀመጥ፤ ዲ.ኤን.ኤ. በሙቀት ቶሎ ይበላሻል።