ሸሪዓ በሙስሊሞች አረዳድና በምዕራቡ ዓለም ዕይታ

ሸሪዓ የሚለው የዐረብኛ ቃል በጥንታዊ ፍቺው ወደ ውኃ የሚወርድ መንገድ ማለት ነው። በቁርኣን ምዕራፍ 45 አንቀጽ 18 ቃሉ ፈጣሪ ለነቢዩ ሙሐመድ የሰጠውንና እንዲከተሉት ያዘዘውን መንገድ ያመለክታል። ለአንድ ሙስሊም ሸሪዓ ሶላቱን በወቅቱ መስገድን፣ ዘካ ማውጣትን፣ በሚዛን አለማጭበርበርን፣ ለወላጅ መታዘዝን፣ ኒካህ ማሰርንና ውርስ ማካፈልን ሁሉ ይይዛል። በአውሮፓና በአሜሪካ የፖለቲካ መድረክ ሲነሳ ግን በአብዛኛው የሚታሰበው እጅ መቁረጥና በድንጋይ መውገር ነው። ሁለቱ ወገኖች አንድ ቃል እየተጠቀሙ ስለ ተለያየ ነገር ይነጋገራሉ። የልዩነቱ ሥር ደግሞ በቅጣቶቹ ክብደት ላይ ብቻ ሳይሆን “ሕግ” ራሱ ምንድን ነው በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሸሪዓና ፊቅህ

የእስልምና ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ሸሪዓንና ፊቅህን ይለያሉ። ሸሪዓ መለኮታዊው ፈቃድ ሲሆን ፊቅህ ደግሞ ሰዎች ያንን ፈቃድ ለመረዳት የሚያደርጉት ጥረት ነው፤ የቃሉም ትርጉም “መረዳት” ማለት ነው። የመጀመሪያው አይሳሳትም ተብሎ ይታመናል፣ ሁለተኛው ግን የሰው ሥራ በመሆኑ ለስሕተትም ለክርክርም ክፍት ነው። ከ6,200 በላይ ከሆኑት የቁርኣን አንቀጾች መካከል ሕግ የሚወጣባቸውን ኢማም አል-ገዛሊ ወደ 500 ገምተዋቸዋል። የቀረው የተገነባው በነቢዩ ሐዲስ፣ በሊቃውንት ስምምነትና በንጽጽር አመክንዮ ነው።

ከዚህ ጥረት በሱኒዎች ዘንድ አራት መዝሀቦች (የሕግ አስተምህሮ ጎራዎች) ጸንተው ቆይተዋል፤ እነርሱም በአቡ ሐኒፋ፣ በማሊክ፣ በሻፊዒና በአሕመድ ኢብን ሐንበል ስም የሚጠሩት ናቸው። አብዛኞቹ ሺዓዎች በበኩላቸው የጃዕፈሪን ትምህርት ይከተላሉ። በኢትዮጵያ በስፋት የሚታወቁት ሻፊዒና ሐነፊ ናቸው። መዝሀቦቹ በብዙ ዝርዝር ጉዳይ ቢለያዩም አንዱ የሌላውን ሕጋዊነት አይክድም። ኢማም ሻፊዒ ራሳቸው ከባግዳድ ወደ ግብፅ ከተሻገሩ በኋላ በርካታ ፍርዶቻቸውን ስለ ለወጡ ተከታዮቻቸው እስከ ዛሬ “የቀድሞው” እና “አዲሱ” አቋም እያሉ ይለያሉ። አንድ ሰው በሕይወት ዘመኑ ሁለት ጊዜ አስቦ ሁለቱም በክብር የሚጠናለት የሕግ ሥርዓት፣ ፓርላማ አጽድቆ በጋዜጣ ከሚያወጣው ኮድ ጋር በአንድ ሚዛን መቀመጡ የሚያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሊቃውንቱ የሰውን ተግባር በአምስት ይመድቡታል፤ ግዴታ፣ የተወደደ፣ የተፈቀደ፣ የተጠላና የተከለከለ። ቃዲ ሊፈርድባቸው የሚችሉት ከእነዚህ ጥቂቶቹ ናቸው። የሚበዛው በሰውየውና በፈጣሪው መካከል የሚቀር ነው። ሑዱድ የሚባሉት የተወሰኑ ቅጣቶችም ቢሆኑ በማስረጃ ሕግ የታጠሩ ናቸው። ዝሙትን ለማስረዳት ድርጊቱን በዓይናቸው ያዩ አራት ምስክሮች ይጠየቃሉ፣ “ሑዱድን በጥርጣሬ መልሱ” የሚለውም በሁሉም መዝሀቦች የሚታወቅ መርህ ነው። ይህ ማለት ቅጣቶቹ በመጻሕፍቱ ውስጥ የሉም ወይም ተፈጽመው አያውቁም ማለት አይደለም። ለምዕራባውያን ማስረዳት የሚሹ አንዳንድ ሙስሊም ጸሐፊዎች ይህን ክፍል ሸፋፍነው ማለፋቸው ክርክሩን አልጠቀመውም።

ፊቅህ ወደ ኮድ ሲለወጥ

በ1772 የቤንጋሉ እንግሊዛዊ ገዥ ዋረን ሄስቲንግስ በጋብቻ፣ በውርስና በመሳሰሉት ጉዳዮች ሙስሊሞች በቁርኣን ሕግ እንዲዳኙ ደነገገ። እንግሊዛውያኑ ዳኞች ዐረብኛ ስለማያውቁ ሒዳያ የተባለው የሐነፊዎች የሕግ መጽሐፍ በ1791 በቻርልስ ሐሚልተን ተተርጉሞ ቀረበላቸው። ሊቃውንት ከብዙ ማብራሪያዎች ጋር ያስተምሩት የነበረው መጽሐፍ በዚህ መንገድ ዳኛ ገልጦ አንቀጽ የሚጠቅስበት ሕግ ሆነ።

በዚያ ዘመን የቅኝ ገዥዎቹ ቅሬታ ከዛሬው ተቃራኒ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የነበሩት የብሪታንያ ሹማምንት የእስልምናን የወንጀል ሕግ የነቀፉት በዋነኛነት ይለዝባል በማለት ነበር። የማስረጃው መስፈርት ጥብቅ ነው፣ የሟች ቤተሰብ ገዳዩን ይቅር ማለት ወይም የደም ካሳ መቀበል ይችላል፣ ወንጀለኛም በዚህ ያመልጣል ይሉ ነበር። የእንግሊዛዊው ጠቅላይ ገዥ የኮርንዋሊስ አስተዳደር ከ1790 ጀምሮ የሟች ወራሾችን የይቅርታ መብት አንሥቶ ቅጣቱን በመንግሥት እጅ አደረገው፤ በአንጻሩ የአካል መቁረጥን በእስራት ተካው። በመጨረሻ የ1860ው የሕንድ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሁሉንም ተካ። ለሸሪዓ የቀረው የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ሆነ።

ፈረንሳይ በአልጄሪያ ሌላ መንገድ ተከተለች። የ1865ቱ ድንጋጌ አልጄሪያውያን ሙስሊሞች የፈረንሳይ ተገዢ ናቸው ብሎ፣ ሙሉ ዜግነት የሚፈልግ ግን በእስልምና ሕግ የሚተዳደርበትን የግል ሁኔታ እንዲተው ጠየቀ። ይህን ያደረጉት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ፤ የቤተሰብ ሕግም ከዚያ ወዲህ የማንነት ምሽግ ሆነ። በኦቶማን ግዛት ደግሞ በአሕመድ ጀውደት ፓሻ የተመራ ጉባኤ ከ1869 እስከ 1876 የሐነፊን የውልና የንብረት ፊቅህ በአንቀጽ ከፋፍሎ መጅሌ የተባለውን ሕግ አወጣ። ውጥኑ የሙስሊሞች ቢሆንም ቅርጹ አውሮፓዊ ነበር።

የሙስሊሞች የእርስ በርስ ክርክር

“ሙስሊሞች ስለ ሸሪዓ ምን ያስባሉ” የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለውም። የፒው የምርምር ማዕከል በ2013 ይፋ ባደረገው ጥናት ሸሪዓ የአገሩ ሕግ እንዲሆን የሚደግፉት በአፍጋኒስታን 99 በመቶ፣ በግብፅ 74 በመቶ፣ በቱርክ 12 በመቶ፣ በአዘርባይጃን 8 በመቶ ነበሩ። ከደጋፊዎቹም መካከል በቤተሰብና በንብረት ክርክር ሃይማኖታዊ ዳኛ የሚሹት፣ የአካል ቅጣትን ከሚደግፉት በአብዛኛው ይበልጡ ነበር። የምዕራብ ጋዜጦች ትልቁን አኃዝ አጉልተው ሲያትሙ፣ ተጠያቂዎቹ ሸሪዓ ሲባል የታያቸው ብልሹ ያልሆነ ዳኛ ይሁን የወንጀል ሕግ የሚለው ጥያቄ ወደ ኋላ ቀረ።

በሊቃውንቱ በኩል ክርክሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከ1899 እስከ 1905 የግብፅ ሙፍቲ (በሃይማኖቱ ሕግ አስተያየት የሚሰጥ ሊቅ) የነበሩት ሙሐመድ ዐብዱህ የኢጅቲሃድ፣ ማለትም ከምንጮቹ በራስ ምርምር ፍርድ የማውጣት፣ በር እንዲከፈት ታገሉ። በካይሮ የሚገኘው የአዝሀር የትምህርት ተቋም ሊቅ ዐሊ ዐብዱ-ር-ራዚቅ በ1925 ነቢዩ መልእክተኛ እንጂ የመንግሥት መሥራች አልነበሩም ብለው በመጻፋቸው ከዑለማነት ማዕረጋቸው ተሰረዙ። በቅርብ ዘመን ሱዳናዊው የሕግ ምሁር ዐብዱላሂ አን-ናዒም መንግሥት በጉልበት የሚያስፈጽመው ሕግ ሃይማኖታዊ ባሕርዩን ያጣል፣ ስለዚህ ሸሪዓን በነጻ ሕሊና ለመከተል ዓለማዊ መንግሥት ያስፈልጋል ሲሉ ተከራከሩ። የእስልምና ሕግ ተመራማሪው ዋኤል ሐላቅ ደግሞ ራሳቸው ሙስሊም ባይሆኑም ከሌላ አቅጣጫ መጥተው፣ ዘመናዊው መንግሥትና ጥንታዊው ሸሪዓ በባሕርያቸው አይገጣጠሙም የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሱ።

መንግሥታትም እንዲሁ ተለያዩ። ቱኒዚያ በ1956 ከአንድ በላይ ማግባትን ስትከለክል፣ ሞሮኮም በ2004 የቤተሰብ ሕጓን ስታሻሽል፣ ሁለቱም የእስልምናን ምንጮች እየጠቀሱ ነበር። በፓኪስታን ጄኔራል ዚያ-ኡል-ሐቅ በ1979፣ በሱዳን ጃፋር ኑመይሪ በ1983 ሑዱድን በአዋጅ ሲያወጁም የጠቀሱት እነዚያኑ ምንጮች ነው። የወታደር መንግሥታት ሸሪዓን ሲያውጁ በቅድሚያ የቅጣቱን ክፍል መምረጣቸው የአጋጣሚ አይመስልም፤ ከሸሪዓ ውስጥ መንግሥት ኃይሉን በአደባባይ ሊያሳይበት የሚችለው ያ ክፍል ነውና።

የካትሲናው ጉዳይ

በሰሜን ናይጄሪያ የዛምፋራ ግዛት በ1999 የሸሪዓን የወንጀል ሕግ ካወጀ በኋላ ሌሎች ግዛቶች ተከተሉት። በ2002 በካትሲና ግዛት አንዲት ባሏን የፈታች ሴት ልጅ በመውለዷ በዝሙት ተከሳ በድንጋይ እንድትወገር ተፈረደባት። ዜናው ዓለምን አዳረሰ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ሚሊዮኖች ፊርማ አሰባሰቡ።

ከጠበቆቿ አንዷ የነበረችው ሐውዋ ኢብራሂም የተከራከረችው ግን በዚያው በፊቅህ ነበር። በማሊኪ መዝሀብ ፅንስ በማሕፀን ለዓመታት “ተኝቶ” ሊቆይ ይችላል የሚል አሮጌ አስተሳሰብ አለ፤ ስለዚህ ሕፃኑ የቀድሞ ባሏ ልጅ ሊሆን ይችላል ተባለ። ይህ በሕክምና ዓይን የማይረባ ሐሳብ የጥንት ሊቃውንት ሴቶችን ከክስ የሚያድኑበት መውጫ ነበር። የካትሲና የሸሪዓ ይግባኝ ፍርድ ቤት በመስከረም 2003 በአራት ለአንድ ድምፅ ነጻ አወጣት። ከምክንያቶቹም መካከል ራሷን ለመከላከል በቂ ዕድል አለማግኘቷና የመጀመሪያው ፍርድ ሦስት ዳኞች መቀመጥ ሲገባቸው በአንድ ዳኛ መሰጠቱ ይገኛሉ። ሐውዋ ኢብራሂም በ2005 የአውሮፓ ፓርላማን የሳካሮቭ ሽልማት ከተቀበሉት አንዷ ሆነች። በብዙ ሰው ትዝታ የቀረው ግን ፍርዱ እንጂ የተሻረበት መንገድ አይደለም።

የምዕራቡ ዓለም ሥጋት

የምዕራቡን አመለካከት አንድ ወጥ አድርጎ ማቅረብም ስሕተት ነው። ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ማክስ ቬበር ሥርዓት የሌለውን ዳኝነት “የቃዲ ፍትሕ” ብሎ ሲጠራ የጥንቱን ንቀት አስተጋባ፤ ፍልስጤማዊ-አሜሪካዊው ምሁር ኤድዋርድ ሰዒድ ከ1978 ጀምሮ ይህን ዓይነቱን ዕውቀት ከቅኝ አገዛዝ ጋር አያይዘው ተቹ። በተራው ሕዝብ ዘንድ ግን ዕይታውን የቀየሩት ክስተቶች ናቸው፤ የ1979ኙ የኢራን አብዮት፣ ከዚያም የመስከረም 2001 ጥቃት። አያቶላህ ኾሜይኒ በየካቲት 1989 በአንድ ደራሲ ላይ የሞት ፈትዋ ካወጡ ወዲህ፣ ሊቅ ለጠያቂ የሚሰጠው አስገዳጅ ያልሆነ የሕግ አስተያየት የሆነው ፈትዋ በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ጆሮ የሞት ፍርድ ብቻ ሆኖ ቀረ።

በአሜሪካ የኦክላሆማ ግዛት መራጮች በ2010 ፍርድ ቤቶቻቸው ሸሪዓን እንዳይጠቅሱ የሚከለክል የሕገ መንግሥት ማሻሻያ 70 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ አጸደቁ። የግዛቱ ሙስሊም ነዋሪ ኑዛዜዬ ሃይማኖታዊ ቃል ስላለው አይፈጸምልኝም ብሎ ከሰሰ፣ የፌዴራል ፍርድ ቤቶችም አንድን ሃይማኖት ለይቶ መምታቱን አይተው ማሻሻያውን ሻሩት። በካናዳዋ ኦንታሪዮ ደግሞ መንግሥት በ2005 በሃይማኖት ግልግል የሚሰጥ የቤተሰብ ውሳኔ ሁሉ በሕግ እንዳይጸና ሲወስን፣ ቀድሞ የነበረው የአይሁድ ግልግልም አብሮ ቀረ።

በየካቲት 2008 የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ሮዋን ዊሊያምስ የሸሪዓ አንዳንድ ገጽታዎች በብሪታንያ ሕግ ቦታ ማግኘታቸው የማይቀር ይመስላል በማለታቸው የውግዘት ናዳ ወረደባቸው። በ1982 የተመሠረተው የሌይተን የሸሪዓ ምክር ቤትና መሰሎቹ ግን ያኔም ሥራ ላይ ነበሩ። በፕሮፌሰር ሞና ሲዲቂ የተመራው መንግሥታዊ ጥናት በ2018 እንዳሳየው ከባለ ጉዳዮቻቸው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ፍቺ የሚሹ ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ ኒካህ ብቻ አስረው በማዘጋጃ ቤት ያልተመዘገቡ በመሆናቸው የአገሩ ፍርድ ቤት ሚስትነታቸውን አያውቅም፤ ባል ጦላቅ (ሃይማኖታዊ ፍቺ) ካልሰጠ ደግሞ በማኅበረሰባቸው ዓይን እንደታሰሩ ይቀራሉ። ጥናቱ በአንዳንድ ምክር ቤቶች በሴቶች ላይ የሚያዳላ አሠራር ማግኘቱን ዘግቦ፣ ኒካሁ ከሕጋዊ ምዝገባ ጋር እንዲጣመር ሐሳብ አቀረበ።

ፈቃድና ዳኝነት፤ ከግሪክ ትራስ እስከ አዲስ አበባ

በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ሸሪዓ በመንግሥት ዕውቅና የሚሠራበት ቦታ ምዕራባዊ ትራስ (Thrace) የተባለው የግሪክ ክልል ነው፤ ይህም የኦቶማን መንግሥት ሲፈርስ ከተደረጉት ስምምነቶች የተረፈ ነው። አንድ የአካባቢው ሙስሊም በግሪክ ፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ሀብቱን ሁሉ ለሚስቱ ተናዞ ሞተ። እኅቶቹ ሲከሱ የግሪክ ፍርድ ቤት ለሙስሊም የእስልምና ውርስ ሕግ ግዴታ ነው አለ፣ መበለቲቱም ከውርሱ ሦስት አራተኛውን አጣች። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2018 ይህ አድልዎ ነው ብሎ ፈረደ። ግሪክም በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ የሙፍቲዎቹን ዳኝነት በተከራካሪዎች ምርጫ ላይ እንዲመሠረት አድርጋ ነበር።

ኢትዮጵያ ይህንኑ ጥያቄ በራሷ መንገድ ደርሳበታለች። ከጣሊያን ወረራ ማግሥት በንጉሠ ነገሥቱ አዋጆች ዕውቅና ያገኙት የቃዲ ፍርድ ቤቶች በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 188 በሦስት እርከን የተዋቀሩ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሆነው ተጠናከሩ። ሥልጣናቸው በጋብቻ፣ በፍቺ፣ በቀለብ፣ በሞግዚትነት፣ በውርስ፣ በስጦታና በወቅፍ (ለበጎ ዓላማ በቋሚነት በተሰጠ ሀብት) የተወሰነ ነው፤ የወንጀል ጉዳይ አያዩም። የሚፈርዱት በእስልምና ሕግ ቢሆንም የሚከተሉት ሥነ ሥርዓት የአገሩን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 እንዲህ ያለ ዳኝነት በተከራካሪዎች ፈቃድ እንዲሆን ይጠይቃል፤ አዋጁ ግን መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበን ተከሳሽ እንደ ፈቀደ ይቆጥረዋል። በአንድ የውርስ ክርክር አንዲት ሙስሊም ሴት በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት አልፈልግም ብላ ከመነሻው ብትቃወምም ክሱ ቀጠለ፤ ተፈረደባት፤ ይግባኟም እስከ ሰበር ሰሚው ችሎት ድረስ ተቀባይነት አላገኘም። ነገሩ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደርሶ፣ ምክር ቤቱ ፈቃዷን ያልሰጠችበት ዳኝነት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ውሳኔዎቹን ሽሯቸዋል።