መቀሱ በማን እጅ ነበር? የድሮው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሳንሱር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሳንሱር ሲባል በእኛ አገር ሰው ዐይን ላይ ቶሎ ድቅን የሚለው ቀይ እስክሪብቶ የያዘ የመንግሥት ሹም ነው። የንጉሡንና የደርግን ዘመን ላሳለፈ አንባቢ ይህ አይገርምም። ይህንኑ ሥዕል ይዞ የ1950ዎቹንና የ1960ዎቹን የአሜሪካ ቴሌቪዥን የሚመለከት ግን ይሳሳታል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የሚቆርጠው መንግሥት ነበር»

አልነበረም። የ1934ቱ የኮሙኒኬሽን ሕግ ስርጭትን የሚቆጣጠረውን የፌዴራል መንግሥት ኮሚሽን በስርጭት ይዘት ላይ ሳንሱር እንዳያደርግ በግልጽ ይከለክለዋል። ኮሚሽኑ የጣቢያዎችን ፈቃድ ስለሚያድስ ባለቤቶቹ ይፈሩት ነበር፤ ፍርሃት ሌላ፣ መቀስ ግን ሌላ ነው። መቀሱን የያዙት ትልልቆቹ የቴሌቪዥን ኩባንያዎች ሲቢኤስ፣ ኤንቢሲና ኤቢሲ ራሳቸው ነበሩ። እያንዳንዳቸው ድርሰቱን መስመር በመስመር የሚያነብ ክፍል ነበራቸው። ከ1952 ጀምሮ ደግሞ የብሮድካስተሮች ማኅበር ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ታከለበት። ከሁሉም አጠገብ ገንዘቡን የሚከፍለው ስፖንሰር ተቀምጧል።

የስፖንሰሩን ጉልበት ለማየት አንድ ምሽት ይበቃል። በኤፕሪል 1959 ሲቢኤስ የናዚ ዳኞችን ችሎት የሚያሳየውን «የኑረምበርግ ፍርድ» የተሰኘ ድራማ አቀረበ። ከስፖንሰሮቹ አንዱ የአሜሪካ የጋዝ ማኅበር ነበር። አይሁዳውያን ያለቁባቸው የጋዝ ክፍሎች ሲነሡ «ጋዝ» የሚለው ቃል ከድምፁ ተቆረጠ፤ የተዋናዩ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ስለዚያ ዕልቂት ምን ቃል እንደሚነገር የወሰነው የምድጃ ጋዝ ሻጭ ሆነ ማለት ነው። ይህንን የሕዝብን ጨዋነት መጠበቅ ብሎ መጥራት ለእኔ ይከብደኛል።

«ሳንሱር ማለት የተቀረጸውን መቁረጥ ነው»

ትልቁ ሥራ የሚሠራው ካሜራው ገና ሳይነሣ፣ ገጸ ባሕርያቱ ወረቀት ላይ ሳሉ ነው። በ1955 በደቡባዊቷ የአሜሪካ ግዛት በሚሲሲፒ የ14 ዓመቱ ጥቁር ልጅ ኤሜት ቲል ተገደለ፤ ነጭ ገዳዮቹም በነጻ ተለቀቁ። ደራሲው ሮድ ሰርሊንግ ከዚህ ተነሥቶ ለ1956 አንድ ድራማ ጻፈ። ስፖንሰሩ የብረት ኩባንያ የደቡብን ገበያ ማስቀየም አልፈለገም። ስለዚህ ታሪኩ ከደቡብ ወደ ሰሜን ምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ወደ ኒው ኢንግላንድ ተዛወረ፤ ተገዳዩ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ባዕድ ሆነ፤ ደቡብን ያስታውሳል ተብሎ የኮካ ኮላ ጠርሙስ ሳይቀር ከትዕይንቱ ወጣ። ሰርሊንግ ግን ትምህርት ቀሰመ። በ1959 «ትዋይላይት ዞን» የተሰኘውን ተከታታይ ጀመረና በዘር ጥላቻና በመንጋ ፍርድ ላይ ያለውን ሐሳብ ከሌላ ፕላኔት በመጡ ፍጡራን ታሪክ ውስጥ ደበቀው። ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ ዘዴው እንግዳ አይደለም።

በ1970 የጀመረው የሜሪ ታይለር ሙር ኮሜዲ ዋና ገጸ ባሕርይም በመጀመሪያ የታሰበችው ባሏን እንደፈታች ሴት ነበር። ሲቢኤስ እምቢ አለ። ተዋናይቷ ቀደም ሲል በሌላ ኮሜዲ የተዋናዩ የዲክ ቫን ዳይክ ሚስት ሆና በመጫወት ስለታወቀች ተመልካቹ «እሱን ፈታችው» እንዳይል ተሰግቶ ነበር። ሜሪም እጮኛዋን ትታ አዲስ ሕይወት የምትጀምር ሴት ሆና ቀረበች።

«ሉሲ በቴሌቪዥን የታየች የመጀመሪያዋ ነፍሰ ጡር ናት»

ሉሲ ተዋናይት ሉሲል ቦል «ሉሲን እወዳታለሁ» በተሰኘው ኮሜዲ የተጫወተቻት ሚስት ናት። በ1947 የተጀመረው «ሜሪ ኬይና ጆኒ» የተሰኘ ኮሜዲ ግን ይቀድማታል፤ የዚያኛው ተዋናይት በእውነት ስታረግዝ እርግዝናው ወደ ታሪኩ ገብቷል፣ ባልና ሚስቱም በአንድ አልጋ ሲተኙ ታይተዋል። የ«ሉሲን እወዳታለሁ» ባልና ሚስት አልጋዎች ለየብቻ መሆናቸው እንግዲህ የቴሌቪዥን ሁሉ ሕግ አልነበረም። የሉሲልን እርግዝና የሲጋራ ስፖንሰሩ በመጀመሪያ መደበቅ ፈልጎ ነበር። በኋላ የካቶሊክ ቄስ፣ የፕሮቴስታንት ፓስተርና የአይሁድ ረቢ ድርሰቱን እያነበቡ ይሁንታ ሰጡ፤ «እርጉዝ» የሚለው ቀጥተኛ ቃል ግን እንዳይነገር ተደረገ። ጃንዋሪ 19 ቀን 1953 የልጁን መወለድ ያየው ሕዝብ 44 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከሳንሱሩ ይልቅ ስፖንሰሩን ያረጋጋው ይህን የመሰለ ቁጥር ይመስለኛል።

«ኤልቪስ ሁልጊዜ ከወገቡ በላይ ብቻ ይታይ ነበር»

ወገቡን እያወዛወዘ የሚዘፍነው ኤልቪስ ፕሪስሊ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን መዝናኛ መድረክ ሦስት ጊዜ ቀርቧል። ሙሉ በሙሉ ከወገብ በላይ የተቀረጸው ሦስተኛው፣ የጃንዋሪ 1957ቱ ብቻ ነው። ወገቡን አገሩ ሁሉ ካየው በኋላ የተደረገ ጥንቃቄ ነው።

«በቴሌቪዥን የመጀመሪያው የጥቁርና የነጭ መሳሳም የ«ስታር ትሬክ» ነው»

በዚህ የጠፈር ጉዞ ድራማ በኖቬምበር 1968 የተላለፈው የነጩ ካፒቴን ከርክና የጥቁሯ መኮንን ኡሁራ መሳሳም ስሙ ገነነ እንጂ ቀዳሚ አይደለም፤ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን በ1962 ታይቷል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የትዕይንቱ አሠራር ነው። ሁለቱ የሚሳሳሙት ወደው አይደለም፤ አካላቸውን በሐሳብ የሚያንቀሳቅሱ ፍጡራን አስገድደዋቸው ነው። ኤንቢሲ የደቡብ ጣቢያዎችን ቁጣ ይፈራ ነበር፤ ታሪኩም ለፈሪ ሰው የሚሆን ሰበብ ይዞ ቀረበ።

«ሳንሱሩ ካለ፣ አለቀ»

ጸሐፊዎቹ ብልጣ ብልጥ ነበሩ። በኮሪያ ጦርነት ሆስፒታል ላይ የተመሠረተው «ማሽ» ኮሜዲ ላይ ሲቢኤስ «ቨርጂን»፣ ማለትም «ድንግል» የሚለውን ቃል ከለከለ። ደራሲው ላሪ ጌልባርት ቀጥሎ አንድ ቁስለኛ ወታደር አመጣና ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ «ከቨርጂን ደሴቶች» አስባለው።

ሁሉም ግን እንዲህ በሳቅ አላለቀም። ዘፋኙ ፒት ሲገር በ1967 በኮሜዲያኖቹ በስመዘርስ ወንድማማቾች ፕሮግራም ላይ የዘፈነውን የቬትናም ጦርነት ተቃውሞ ሲቢኤስ ቆረጠው፤ ከወራት በኋላ፣ በ1968 መጀመሪያ፣ ተመልሶ ሲዘፍነው ተላለፈ። በዓመቱ ግን ጣቢያው ፕሮግራሙን ራሱን ዘጋው። ወንድማማቾቹ ውል አፍርሷል ብለው ጣቢያውን ከሰሱና በ1973 ረቱት።